ቪዮላ በሸማ ተራ

(የተማሪዎች ማኅበር በጠራው ስብሰባ ላይ በሙዚቃ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)

የማኅበሩ ጸሐፊ ስለ ክበባችን ሥራ እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለምንጫወተው ሙዚቃ ታሪክ ጥቂት አውርተን፥ ጭብጨባችንን ተቀብለን ለመቀመጥ ነበር። ነገር ግን ስለ ሙዚቃ ታሪክ እዚህ ከተቀመጡት መምህራኖቻችን የበለጠ የምናውቀው የለም። ደግሞም ባለፈው ዓመት በመርካቶ ያየነውን፥ የሠራነውንና ያጠፋነውን ደብቀን ስለ ሌላ ነገር ብናወራ ንግግራችን እውነተኛ አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ አራት ተማሪዎች መሣሪያቸውን ተሸክመው ከዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ወደ ሸማ ተራ ስለ መውረዳቸው ነው። ከአራቱም ይልቅ ስለ አንዷ፥ ስለ ቪዮላ ተጫዋቿ፥ አብዝተን እናነሣለን፤ ሐሳቡ ከእርሷ የመነጨ ነውና። ስሟን ግን እንዳንጠራ አስጠንቅቃናለች። ንግግሩ ስለ ሥራው ይሁን እንጂ ስለ እኔ አይሁን ስላለችን ቃሏን እናከብራለን።

በቅድሚያ ቪዮላ ምን እንደሆነ እናስረዳ። ቪዮላ መልኩ ቫዮሊንን ይመስላል፤ እንደ ቫዮሊንም በትከሻና በአገጭ መካከል ተይዞ በደጋን ይመታል። ነገር ግን ገላው ሰፋ፥ ድምፁም ወፈር ይላል። አራቱ አውታሮቹ ከቫዮሊን አውታሮች አምስት ድምፅ ዝቅ ብለው ይቃኛሉ። ቫዮሊን ከላይ ሆኖ ሲዘፍን፥ ቼሎም ከታች ሆኖ ሲያስገመግም፥ ቪዮላ መካከሉን ይዞ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ሙዚቃውን አዳምጦ ሲወጣ ቪዮላ መኖሩን እንኳ ልብ አይልም። በአንድ ቤት ውስጥ ታላቁ ይከበራል፥ ታናሹ ይሞላቀቃል፥ መካከለኛው ግን እንጨት ይፈልጣል፤ የቪዮላም ዕድል እንደዚሁ ነው።

ሆኖም ታላላቆቹ የሙዚቃ ደራሲዎች ይህን መካከለኛ ስፍራ አልናቁትም። ሞዛርት ከጓደኞቹ ጋር በአራት ሆነው ሲጫወቱ ቪዮላውን ይወድ ነበር። ቤትሆቨን በወጣትነቱ በቦን ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ተጫዋች ነበር። ሹበርት ከአባቱና ከወንድሞቹ ጋር በቤታቸው ሲጫወት የሚይዘው ቪዮላ ነበር። ድቮርዣክም በፕራግ የቴአትር ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ እየመታ ለዓመታት እንጀራውን በልቷል። ለምን ይመስላችኋል? ከመካከል የተቀመጠ ሰው ከላይም ከታችም የሚነገረውን ስለሚሰማ ነው። ቪዮላ ተጫዋቿ ጓደኛችንም ቫዮሊን ትታ ወደዚህ መሣሪያ የዞረችበትን ምክንያት ስንጠይቃት የሰጠችን መልስ ይኸው ነበር።

ሁለት፥ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሆነው ያለ መሪ የሚጫወቱትን ሙዚቃ ፈረንጆች በክፍል ስም ይጠሩታል። እኛ ግን በክበባችን «የእልፍኝ ሙዚቃ» ብለነዋል። አዳራሽ ግብር የሚበላበት፥ ነጋሪት የሚጎሰምበት፥ ሰው በማዕረጉ የሚቀመጥበት ነው። እልፍኝ ግን ሰው ከቅርብ ወዳጁ ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚነጋገርበት ነው። በእልፍኝ ሙዚቃ በትር ይዞ የሚመራ የለም፤ አንዱ ሌላውን በዓይኑና በትንፋሹ ይጠባበቃል። አንዱ ድምፁን ከመጠን በላይ ከፍ ቢያደርግ የሌላው ቃል ይጠፋል። ይህም ከሙዚቃ አልፎ የአኗኗር ትምህርት ነው ብለን እናምናለን።

ይህ ዓይነት ሙዚቃ በጠባዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በገናን አስቡ። ባለ ዐሥር አውታሩ በገና ለጭፈራ አይወጣም፤ በጾም ወራት፥ በቤት ውስጥ፥ ለጸሎትና ለተመስጦ ይደረደራል። የሚያዳምጠውም ጥቂት ሰው ነው። መሰንቆም በአንዲት የጭራ አውታር ብቻ በአንድ ጠባብ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ያስቃል፥ ያስለቅሳል። እንግዲህ እልፍኙም ደጋኑም ነበረን ማለት ነው።

ዘመናዊው ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው ግን በእልፍኝ በር ሳይሆን በአደባባይ በር ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች ለሰልፍ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችም፥ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም፥ ሥራቸው ለመንግሥት ክብረ በዓልና ለእንግዳ አቀባበል ነበር። ከዚያም የክቡር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ይህንኑ መንገድ ተከትለው ታላላቅ ዘፋኞችን አፈሩ። ስለዚህም የምንኮራበት ዘመናዊ ሙዚቃችን በመለከትና በሳክስፎን የበለጸገ ሲሆን፥ በደጋን የሚመቱት የአውሮፓ መሣሪያዎች ግን ዘግይተው ገቡ፤ ከገቡም በኋላ ከጥቂት ቦታዎች ርቀው አልሄዱም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር አሸናፊ ከበደ የአገራችንን ቅኝት በዋሽንትና በባለ አውታር መሣሪያዎች አስተባብረው ሲደርሱ፥ መንገዱ የሚቻል መሆኑን አሳይተውናል። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ዐርፈዋል፤ መንገዱ ግን ተጓዥ ይፈልጋል።

ስለ ሙዚቃና ስለ ድኾች በአንድነት ሲነሣ ከሁሉ በፊት ልናስታውሳቸው የሚገባን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነው። ብዙዎቻችን እርሳቸውን የምናውቃቸው በፒያኖ ነው። ነገር ግን የከንቲባ ገብሩ ልጅ ወይዘሪት የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ አገር ተልከው በተማሩበት ጊዜ በመጀመሪያ የያዙት መሣሪያ ቫዮሊን ነበር። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኢጣሊያ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በካይሮ ከተማ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ መምህራቸውም ወደ አዲስ አበባ መጥተው የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መሩ። ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት ዕድል ቢገኝም ፈቃድ ሳያገኙ ቀሩ። ሐዘኑ ጤናቸውን ጎዳው። ከዚያም ዓለምን ንቀው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፥ መነኰሱም።

ለዛሬው ጉዳያችን ትልቁ ነገር ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። እማሆይ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ዜማ ለመማር ከሩቅ አገር መጥተው፥ እየለመኑ የሚበሉና በየደጁ የሚያድሩ ተማሪዎችን አዩ። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሲያስቀርጹ ሙዚቃቸውን ለችግረኞች ልጆች መርጃ አደረጉት። እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከዚህ አሳብ አልተለዩም። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። እንግዲህ «ለሕዝብ የሚሆን ሙዚቃ» ስንል አርአያ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። እማሆይ የአንድ ቀን ጉብኝት አላደረጉም፤ የሥራቸውን ፍሬ ሰጡ። ይህን ቃል ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መርካቶ እንውረድ። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ሰው በእግሩ ቢሄድ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ነገር ግን ከእኛ ውስጥ ልብስና ጫማ ከመግዛት በቀር ለሌላ ጉዳይ የሄደ ጥቂት ነው። ገበያው ቀድሞ በአራዳ፥ በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ፈረንጁን ከአገሬው ለመለየት ሲሉ ወደ ምዕራብ ገፉትና «የአገሬው ገበያ» አሉት፤ መርካቶ ማለት በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነውና። ለመለያየት የታሰበው ስፍራ ግን የሁሉም መገናኛ ሆኖ ቀረ። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እዚያው ተጎራብተው ይታያሉ። በርበሬ ተራ፥ ሸማ ተራ፥ ቆርቆሮ ተራ፥ ምናለሽ ተራ እያለ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ሰፈር አለው። ታላቁ ድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድም እ.ኤ.አ. በ1941 የተወለደው በመርካቶ ሲሆን በልጅነቱ ጫማ ይጠርግ ነበር። ስለዚህ መርካቶ ሙዚቃ የሚለመንለት ስፍራ አይደለም፤ ለአገር ሙዚቃ የሰጠ ሰፈር ነው። እኛ ይህን ሳናስብ «ሙዚቃ እናድርስላቸው» ብለን መነሣታችን የመጀመሪያው ስሕተታችን ነበር።

ቪዮላ ተጫዋቿ የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። እናቷ ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ። በክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ተነሥታ፥ «በአዳራሹ የምንጫወተው ለማን ነው? እርስ በርሳችን ነው። እናቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለማመድ ከግድግዳ ማዶ ሰምታኛለች፤ አራታችን ሆነን ስንጫወት ግን አንድ ቀንም አልሰማችም» አለች። ያን ቀን ማንም መልስ አልሰጣትም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ለመሄድ ተስማማን።

የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ነበር። እርሷ «ቅዳሜ አይሆንም» ብትለንም እኛ ሰው የሚበዛው ያን ቀን ነው ብለን አልሰማናትም። ከቀትር በፊት በአንድ መንገድ ዳር አራት ወንበር ዘርግተን ጀመርን። ወዲያው ባለ ጋሪው «ገለል በሉ!» ይለናል፤ ተሸካሚው በጀርባው የልብስ እስር አዝሎ «መንገድ! መንገድ!» እያለ በመካከላችን ያልፋል፤ የመኪናው ጥሩምባ፥ የቆርቆሮው መዶሻ፥ የነጋዴው ጥሪ ተደባልቆ እኛ ራሳችን የምንመታውን መስማት አቃተን። አንድ ሰው ግን ቆሞ አተኵሮ አየን። ደስ አለን። ሲጨርስ ወደ ቼሎው ጠጋ ብሎ፥ «ይኸ ትልቁ ስንት ነው የሚሸጠው?» አለን። ወንበራችንን አጥፈን ተመለስን። በመንገድም አንዳችን «ሕዝቡ ለዚህ አልደረሰም» አለ። ቪዮላ ተጫዋቿ ቆም ብላ፥ «ሕዝቡ ሥራ ላይ ነው። አንተ ፈተና ላይ ሆነህ ማንም መጥቶ ቢዘፍንብህ ታዳምጠዋለህ?» አለችው። ያ ጓደኛችን ዛሬ እዚህ ተቀምጧል፤ ይህንንም እንድንናገር ፈቅዶልናል።

ሁለተኛው ጊዜ እንደ ምክሯ ሆነ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፥ አብዛኛው ሱቅ ሲዘጋ፥ የእናቷ ጎረቤት የሆኑ ነጋዴ መጋዘናቸውን ከፈቱልን። ዙሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ የጋቢና የነጠላ እስር ነበር። በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ተማርን። ጨርቅ ድምፅ ይውጣል፤ ይልቁንም ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል። በአዳራሹ የሚያንጸባርቁት ሁለቱ ቫዮሊኖች እዚያ ደከሙ፥ ደረቁም። የቪዮላ ወፍራም ድምፅ ግን ብዙ አልተጎዳም፤ እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጎልቶ ተሰማ። በእልፍኝ ሙዚቃ ክፍሉም አንድ መሣሪያ ነው የሚባለው እውነት መሆኑን በዚያን ቀን አወቅን። በአዳራሹ የማይሰማው መካከለኛ ልጅ በሸማ ተራ የቤቱ ጌታ ሆነ።

የመጡት ሠላሳ ያህል ሰዎች ነበሩ። ነጋዴዎች፥ ልብስ ሰፊዎች፥ ሁለት ሦስት ተሸካሚዎች፥ ቡና የምታፈላ ሴት፥ ሣጥናቸውን የያዙ ሊስትሮዎች፤ የቪዮላ ተጫዋቿ እናትም ከፊት ተቀምጠዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ በተነሣው ታላቅ እሳት ንብረታቸውን ያጡም በመካከላቸው ነበሩ። እኛም ድቮርዣክ እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ አገር በስፒልቪል ሳለ ከጻፈው ኳርቴት የመጀመሪያውን ክፍል ተጫወትን። በዚህ ሥራ ቫዮሊኖቹ በስሱ ሲንቀጠቀጡ፥ ቼሎውም አንዱን ድምፅ ይዞ ሲቆይ፥ ዜማውን ቀድሞ የሚያወጣው ቪዮላ ነው። ዜማውም በአምስት ድምፆች የተሠራ ነው። ቪዮላዋ ገና ሁለት ሐረግ እንዳወጣች አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ወደ ጎረቤታቸው ዘወር ብለው፥ ድምፃቸውንም ሳይቀንሱ፥ «ትዝታ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ጓደኞቻችን፥ ሽማግሌው ያሉት ትክክል ነው። ያ የአምስት ድምፅ መሰላል ከትዝታ ዋናው ቅኝት ጋር አንድ ነው። ድቮርዣክ ስለ ኢትዮጵያ አላሰበም፤ እንዲህ ያለው መሰላል በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ስለሚገኝ ነው። ነገር ግን በእኛ አዳራሽ ይህን ሥራ ሦስት ጊዜ ስንጫወት፥ ይህን ያስተዋለ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኛም ራሳችን አላስተዋልንም። እነሆ መርካቶ ልናስተምር ሄደን ተምረን ተመለስን።

ከጨረስንም በኋላ እኒሁ ሽማግሌ፥ «ይቺ መካከለኛዋ ብቻዋን ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁ። ስለዚህ አንድ ነገር አደረግን። ከሃይድን ኳርቴት አንድ ዝግ ያለ ክፍል መርጠን፥ መጀመሪያ ያለ ቪዮላ ተጫወትነው። ቀጥሎም ቪዮላዋ ድርሻዋን ብቻዋን መታች፤ አንዳንዱ ሣቀ፥ አንድ ድምፅ እየደጋገመች የምትቸገር ትመስላለችና። በመጨረሻም አራታችን በአንድነት ተጫወትነው። ያን ጊዜ የሣቀው ሁሉ ዝም አለ። ባለ መጋዘኑም እንዲህ አሉ፦ «ገባኝ። ገዢ የሚያየው ጥለቱን ነው። እኔ ግን ነጠላ ስገዛ ጥለቱን አላይም፤ ድርና ማጉን ዳብሼ ነው የምገዛው። ይቺ ልጅ ማጉ ናት።» ስለ ቪዮላ ባነበብናቸው መጻሕፍት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ አላገኘንም። እናቷ ግን ምንም አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ።

ንግግራችን እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ያጠፋነውን እንነግራችኋለን ብለን ጀምረናል።

ከሊስትሮዎቹ መካከል ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ነበር። ከሙዚቃው በኋላ ደጋኑን መያዝ ፈለገ፤ ቪዮላ ተጫዋቿም አስያዘችው። እጁ ቀለም ነበረበትና መጀመሪያ በሸሚዙ ጠረገው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እንመጣ ስለነበር እርሱም አልቀረም። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ረዥም ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ ከአውታሩ ጫፍ እስከ ጫፍ አወጣ፤ ይህን ለማድረግ ከእኛ አንዳንዱን ወራት ፈጅቶበታል። «መቼ ትመጣላችሁ?» አለን። «በሁለት ሳምንት» አልነው።

በሁለት ሳምንት ፈተና ደረሰ። አልሄድንም። ቪዮላ ተጫዋቿ ብቻዋን እንሂድ አለች፤ እኛ ግን «ከፈተና በኋላ እንክሳለን» ብለን ከለከልናት፤ እርሷም በዚያን ጊዜ ልትጋፋን አልቻለችም። ከፈተናው በኋላ ደግሞ በአዳራሹ የምናቀርበው ዝግጅት መጣ። በጠቅላላው ሰባት ሳምንት ቀረን። በተመለስን ቀን ባለ መጋዘኑ ያሉን ይህ ነው፦ ልጁ በቀጠሮው እሑድ መጣ። በሚቀጥለውም እሑድ መጣ። ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ከተዘጋው የመጋዘን በር አጠገብ እስኪመሽ ጠበቀ። አራት ጊዜ እንዲህ አድርጎ ከዚያ በኋላ ግን አልታየም። ከሊስትሮ ጓደኞቹ አንዱ ወደ አገሩ ተመልሷል አለን፤ ሌላው ሰፈር ለውጧል አለን። እስከ ዛሬ ፈልገን አላገኘነውም።

በዚህ ምክንያት ነው ስለ እማሆይ የተናገርነውን ቃል ያዙልን ያልናችሁ። ጉብኝትና ስጦታ አንድ አይደሉም። ጎብኚ የሚመጣው ሲመቸው ነው፤ የሚሄደውም ሲመቸው ነው፤ ትዝታውንም ይዞ ይሄዳል። ከበሩ ላይ የሚቀረው ግን ልጁ ነው። ለዚያ ልጅ ምንም ሳናሳየው ብንቀር ኖሮ ያጣው ነገር አልነበረም። አሳይተን መቅረታችን ግን በደል ነው።

ሌሎች ይህን ችግር እንዴት እንደተወጡት ለማወቅ ጥቂት አንብበናል። ሮዝመሪ ናልደን የሚባሉ እንግሊዛዊት ቪዮላ ተጫዋች፥ በደቡብ አፍሪካ በሶዌቶ፥ በዲፕክሉፍ ሰፈር ልጆች ባለ አውታር መሣሪያ የሚማሩበት ሥራ በችግር ላይ መሆኑን በሬዲዮ ሰሙ። እ.ኤ.አ. በ1992 የሙያ ባልደረቦቻቸውን አስተባብረው በእንግሊዝ አገር የባቡር ጣቢያዎች እየተጫወቱ ገንዘብ ሰበሰቡ። ልብ በሉ፤ ለሙዚቃው ባርኔጣ ዘርግተው የለመኑት ባለሙያዎቹ ናቸው። ነገር ግን ገንዘብ ልኮ መቀመጥ እንደማይበቃ ስላዩ፥ ወደዚያው ሄደው በ1997 በዲፕክሉፍ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያው ዓመት ሰባስቲያን ሩት የተባለ ቫዮሊንና ቪዮላ ተጫዋች በአሜሪካ በፕሮቪደንስ ከተማ ኳርቴቱን ከድኾች ሰፈር አስገብቶ፥ እዚያው እንዲለማመድና የሰፈሩን ልጆች ያለ ክፍያ እንዲያስተምር አደረገ። በኮንጎም በኪንሻሳ፥ እ.ኤ.አ. በ1994 በአርማን ዲያንጊየንዳ የተቋቋመው ኦርኬስትራ፥ በመጀመሪያ መሣሪያ ስላልበቃው አንዱን መሣሪያ እየተቀባበሉ ይማሩበት ነበር፤ አውታር ሲበጠስም የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተክተዋል። ይህን ስናነብ ምናለሽ ተራ ትዝ አለን። የተጣለ በርሜል ወደ ምጣድና ወደ ባልዲ በሚለወጥበት ሰፈር ጎን ተቀምጠን «መሣሪያ የለንም» ማለት ያሳፍራል።

በነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል። ሙዚቃውን ወደ ሰፈሩ የወሰዱት ሰዎች እዚያው ቆይተዋል።

ይህን ስንል የሚቃወሙን አሉ። አንዳንዶች፥ ይልቁንም ከኤኮኖሚክስ ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን፥ «እንጀራ ለሌለው ቪዮላ ምን ያደርግለታል?» ይሉናል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀልድ አንመልሰውም። ቪዮላ እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን ያ ልጅ ደጋኑን ከመያዙ በፊት እጁን በሸሚዙ የጠረገው ማንም ስላዘዘው አይደለም። አንድ የሚከበር ነገር እንደሚይዝ ስላወቀ ነው። ለድኻ የሚያስፈልገው እንጀራ ብቻ ነው የሚል ሰው፥ ለራሱ እንጀራ ብቻ ይበቃው እንደሆነ ይመልስልን። ሌሎች ደግሞ «የፈረንጅ ሙዚቃ ነው፤ የራሳችን እያለ» ይላሉ። ለእነዚህ የሚመልሱላቸው ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ናቸው። እርሳቸው የሰሙት ትዝታን ነው። ቢሆንም ከዚህ ትችት እውነት የሆነውን ተቀብለናል፤ ቪዮላ ይዘን ስንሄድ መሰንቆ ይዘን መሄድ ነበረብን።

እንግዲህ ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

በመጀመሪያ፥ በአራት ሰው የተሠራ ነገር አንዱ ሲታመም ወይም ሲፈተን ይፈርሳል። ስለዚህ ስምንት ሆነን በሁለት ቡድን እንድንከፈልና፥ ፈተና ቢኖርም ባይኖርም፥ በየወሩ ሁለት እሑድ የሸማ ተራው በር እንዳይዘጋ ተራ እንድንገባ።

ሁለተኛ፥ በየቤታችን በሣጥን ተዘግቶ የተቀመጠ ቫዮሊንም ሆነ ቪዮላ ያለው ሰው በውሰት እንዲሰጠን። አውታር ከውጭ አገር የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ለተማሪ ኪስ ከባድ ነው፤ ማኅበሩ ከዓመት መዋጮው ለአውታር መግዣ ጥቂት እንዲመድብልን።

ሦስተኛ፥ ከሰፈሩ አንድ የመሰንቆ ባለሙያ ተፈልገው፥ ለድካማቸው የሚገባው እየተከፈላቸው፥ ከእኛ ጋር እኩል እንዲያስተምሩ። ባለሙያ አገሬው በነፃ፥ ፈረንጅ ቀመስ ተማሪ በክብር የሚሠራበት ነገር እንዳይሆን።

አራተኛ፥ ልጅ ስንመዘግብ ከሁለት ዓመት ባላነሰ ልናስተምረው ቃል ገብተን እንድንመዘግብ። ይህን ቃል መግባት የማንችል ከሆነ ግን ከቶ ባንጀምር ይሻላል። ከአራቱ ሐሳቦች ለእኛ ከባዱ ይህ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ሌሎቹ ሦስቱ ከጉብኝት አያልፉም።

ቪዮላ ተጫዋቿ ይህን ውሳኔ አልጠበቀችም። ካለፉት ሁለት ወራት ጀምሮ እሑድ እሑድ ብቻዋን ትሄዳለች። ለቪዮላ ብቻውን የተጻፈ ሙዚቃ ጥቂት ስለሆነ ለቼሎ የተጻፉትን የባኽ ሥራዎች በመሣሪያዋ ትጫወታለች፤ ሲጨርሱም ሰዎቹ «አሁን ደግሞ ያቺን ትዝታ» ይሏታል፥ እርሷም የድቮርዣክን ዜማ ትመታላቸዋለች። አሁን አምስት ልጆች ይመጣሉ፤ ያላት ግን አንድ ቪዮላ ነው። ባለ መጋዘኑ የበሩን ትርፍ ቁልፍ ሰጥተዋታል። ለምን ብቻዋን እንደምትደክም ስንጠይቃት፥ «ያ ልጅ አንድ እሑድ ብቅ ቢል በሩ ተዘግቶ እንዳያገኘው ነው» አለችን።

የተከበራችሁ መምህራን፥ ውድ ጓደኞቻችን፤ አንድ ሰው ብቻውን ኳርቴት ሊሆን አይችልም። የፊታችን እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ከዩኒቨርሲቲው በር ተነሥተን ወደ ሸማ ተራ እንሄዳለን። መሣሪያ ያለው መሣሪያውን፥ የሌለው ጆሮውን ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል።